አውሮፓውያን ባሕር ለማቋረጥ ለምን ተነሡ? የዘይላ መንገድስ ምን ገጠመው?

ከሽንሌ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚወርደው ሐዲድ በአዲጋላ፣ በአይሻና በደወሌ አድርጎ ጂቡቲ ይገባል። ይህን የማያውቅ የለም። ሐዲዱ ከመዘርጋቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ግን በዚህ ቆላ ጭነት የሚያመላልሰው ግመል ነበር። ግመሉም የሚወርደው ወደ ጂቡቲ ሳይሆን ወደ ዘይላ ነው። ጂቡቲ የምትባል የወደብ ከተማ ያን ጊዜ ገና አልተቈረቈረችም።

በትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ «ቫስኮ ዳ ጋማ የተባለው ፖርቱጋላዊ ወደ ሕንድ የሚወስደውን የባሕር መንገድ አገኘ» ተብሎ ተጽፎ እናነባለን። «አገኘ» ማለት ምን ማለት ነው? መንገዱ ጠፍቶ ነበር ወይ? የዘይላ ነጋዴ፣ የዓደን ነጋዴ፣ የጉጅራት ነጋዴ በየዓመቱ ሲመላለስበት የኖረውን ባሕር ሌላ ሰው እንዴት ሊያገኘው ይችላል? ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን አውሮፓውያን አገራቸውን ትተው ወደ ማያውቁት ባሕር እንዲወጡ ያስገደዳቸው ምን እንደ ሆነ፣ የእነሱም መምጣት በእኛ በኩል ያለውን መንገድ ምን እንዳደረገው እንመለከታለን። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል። ካርታ በእጁ ያለ ካርታውን ዘርግቶ ቢከታተል ነገሩ ይቀልለታል።

የቅመሙ ጕዞ

ነገሩ የሚጀምረው ከወጥ ቤት ነው። ቁንዶ በርበሬ በዚያ ዘመን በብዛት የሚበቅለው በሕንድ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ በማላባር ነበር። ቀረፋ ከሴሎን ይመጣል፤ ይህችም የዛሬዋ ስሪላንካ ናት። ቅርንፉድ የሚገኘው ደግሞ ከዚያ አልፎ እጅግ ሩቅ በሆኑት በሞሉካ ደሴቶች ብቻ ነበር። አውሮፓ ውስጥ ከእነዚህ አንዱም አይበቅልም። ባለጸጋው ግን ያለ እነሱ ምግብ አይጥመውም፤ ሐኪሙም መድኃኒት የሚቀምመው በእነሱ ነው።

ታዲያ ቁንዶ በርበሬው እንዴት ይደርሳል? በሕንድ ካሊከት ወደብ በመርከብ ይጫናል። ዓደን ይራገፋል። ከዓደን በቀይ ባሕር ወደ ጅዳ፣ ከጅዳ ወደ ስዊስ ወይም ወደ ጡር፣ ከዚያ በግመል ወደ ካይሮ፣ ከካይሮ በዓባይ ወንዝ ወደ እስክንድርያ ይሄዳል። እስክንድርያ ላይ የኢጣሊያ ከተማ የሆነችው የቬኒስ ነጋዴዎች ይገዙታል፤ እነሱም ለቀረው አውሮፓ ይሸጣሉ። በየኬላው ቀረጥ አለ። በየወደቡ ደላላ አለ። ፍየሉን ገበያ ያወጣ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ባለቤቱ ከሸጠበት ዋጋና ፍየሏ ባሕር ተሻግራ ከምትሸጥበት ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት በስንት ሰው ኪስ እንደሚገባ ያውቀዋል። የቁንዶ በርበሬውም እንደዚያው ነበር።

በ1420ዎቹ ደግሞ ግብፅን ይገዛ የነበረው የማምሉኩ ሱልጣን ባርስባይ የቅመም ንግድ በመንግሥቱ እጅ ብቻ እንዲሆን አዘዘ። ሻጩ አንድ ብቻ ሲሆን ዋጋውን እንደ ወደደ ይቈርጣል። ቬኒሶች አጕረመረሙ፣ ግን ከፈሉ፤ ምክንያቱም እነሱም በበኩላቸው በአውሮፓ ውስጥ ብቸኛ ሻጭ ለመሆን የተቃረቡ ነበሩና። ከዚህ ንግድ ብዙ ያልቀመሱት ሌሎቹ፣ ማለት ጄኖዋዎች፣ ካታላኖች፣ ከሁሉም ይልቅ በአውሮፓ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሿ ፖርቱጋል፣ «እነዚህን ሁሉ ደላሎች ዘልሎ ምንጩ ጋ የሚደርስ መንገድ አይኖርም ወይ?» ማለት ጀመሩ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አባባል ማረም ያስፈልጋል። ብዙ መጻሕፍት ቱርኮች በ1453 ቁስጥንጥንያን ስለ ያዙና መንገዱን ስለ ዘጉ አውሮፓውያን ሌላ መንገድ ለመፈለግ ተገደዱ ይላሉ። ይህ አባባል አይበቃም። አንደኛ፣ የቅመሙ ዋና መንገድ በቁስጥንጥንያ ሳይሆን በእስክንድርያ ነበር፤ ግብፅም በቱርኮች እጅ የገባችው በ1517 ነው፤ ያን ጊዜ ቫስኮ ዳ ጋማ ሕንድ ከደረሰ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፎት ነበር። ሁለተኛ፣ ፖርቱጋሎች ባሕር ተሻግረው በሰሜን አፍሪቃ ሴውታ የተባለችውን ከተማ የያዙት በ1415 ነው፤ ከቁስጥንጥንያ መውደቅ ሠላሳ ስምንት ዓመት ቀድመው ማለት ነው። እንግዲህ ያነሣሣቸው የመንገድ መዘጋት ሳይሆን የዋጋው መናርና የትርፉ ጉምዥት ነበር።

ወርቅና ሰው

ፖርቱጋል ሴውታን ስትይዝ በሰሐራ በረሃ በኩል የሚመጣውን የምዕራብ አፍሪቃ ወርቅ አየች። ወርቁን ግን ከነጋዴው ላይ ልትወስድ አልቻለችም፤ ሲራራው መንገዱን ለውጦ በሌላ ከተማ ያልፍ ጀመር። ስለዚህ በባሕር ዳርቻውን ተከትለው ወደ ደቡብ መውረድ ያዙ። በ1434 ቦጃዶር የተባለውን የሚፈራ ርእሰ ምድር አለፉ። መርከባቸው ካራቬል ትባላለች፤ ትንሽ ናት፤ በዓረቦች ጀልባ ላይ እንደሚታየው ያለ ሦስት ማዕዘን ሸራ ስላላት ነፋስ በጎን ሲመጣም ትሄዳለች። አቅጣጫ የሚያሳየው መግነጢስ በቻይና የታወቀ ነበር፤ የከዋክብትንና የፀሐይን ከፍታ የሚለካው አስጦርላብም በዓረብ ሊቃውንት እጅ የዳበረ ነው። ዕውቀቱ የሁሉም ነበር ማለት ነው።

ወጪው እንዴት ተሸፈነ ቢባል በሰው ሽያጭ ጭምር ነው። በ1444 ላጎስ በተባለች የፖርቱጋል ወደብ 235 ያህል አፍሪቃውያን ከመርከብ ወርደው ሜዳ ላይ ተከፋፈሉ፤ እናት ከልጇ ተለየች። ይህን የጻፈው የገዛ ራሳቸው ታሪክ ጸሐፊ ነው። በ1482 ዛሬ ጋና በምትባለው አገር ኤልሚና ላይ የወርቅ ምሽግ ሠሩ። እውነቱን ለመናገር ሰው መሸጥ በእኛም በኩል አልጠፋም ነበር፤ በ1503 ገደማ ዘይላን ያየ ሉዶቪኮ ዲ ቫርቴማ የተባለ ኢጣሊያዊ መንገደኛ በገበያዋ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ብዙ ባሪያ እንደሚሸጥ ጽፏል። በእነዚህ መንገዶች ያለፉት ባሮች ግን ስማቸው በማንም መጽሐፍ አልሰፈረም።

የማር ነጋዴ መስለው የመጡት ሁለቱ ሰዎች

ከወርቅና ከቅመም ሌላ አውሮፓውያን የሚፈልጉት አንድ ሰው ነበር። ከአሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ «ቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ» የሚባል፣ ከእስላም አገሮች ጀርባ የሚኖር፣ ሀብቱና ሠራዊቱ የማይቈጠር ክርስቲያን ንጉሥ አለ የሚል ወሬ በአውሮፓ ተናፈሰ። መጀመሪያ በእስያ ፈለጉት፤ አላገኙትም። በኋላ «የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው» አሉ። የኢትዮጵያ ነገሥታት ይህን ስም ሰምተውት አያውቁም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ግን አለ። አውሮፓውያን ኢትዮጵያን ከመፈለጋቸው በፊት ኢትዮጵያውያን አውሮፓ ደርሰዋል። የዐፄ ዳዊት መልክተኞች በ1402 ቬኒስ ገብተዋል። የዐፄ ይስሐቅ መልክተኞች በ1420ዎቹ መጨረሻ በዛሬዋ ስፔን ወደሚገኘው ወደ አራጎን ንጉሥ ሄደው የጋብቻ ወዳጅነትና የእጅ ባለሙያዎች ጠይቀዋል። ከኢየሩሳሌም ገዳም የተላኩ መነኮሳት በ1441 በፍሎረንስ ጉባኤ ተገኝተዋል። ፍራ ማውሮ የተባለው የቬኒስ መነኩሴ በዚያው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ ትልቁን የዓለም ካርታ ሲሥል የኢትዮጵያን ወንዞችና አውራጃዎች በእጃቸው ሥለው ያሳዩት የአገሩ ተወላጆች መሆናቸውን እዚያው ካርታው ላይ ጽፎታል። ስለዚህ ያልታወቀ አገር አልነበረም። ያልታወቀው ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ነው፤ መንገዱም በሌላ ሰው እጅ ነበር።

በ1487 የፖርቱጋል ንጉሥ ዳግማዊ ዡዋው ዓረብኛ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች በስውር ላከ። አንዱ ፔሮ ዳ ኮቪልያ፣ ሁለተኛው አፎንሶ ደ ፓይቫ ይባላሉ። ነጋዴ ለመምሰል ማር ገዝተው ተጓዙ። እስክንድርያ ሲደርሱ ሁለቱም በንዳድ ታመሙ፤ ይሞታሉ ተብሎም ማሩ ተወረሰባቸው። ሲድኑ ሌላ ሸቀጥ ገዝተው በካይሮና በቀይ ባሕር በኩል ዓደን ደረሱ። እዚያ ተለያዩ። ፓይቫ ወደ ኢትዮጵያ እሄዳለሁ አለ፤ ኮቪልያ ወደ ሕንድ ሄደ። የካሊከትን ገበያ አየ፣ የቁንዶ በርበሬውን ዋጋ ጠየቀ፣ በአፍሪቃ ዳርቻ እስከ ሶፋላ ወረደ። በየወደቡ ያሉ መርከበኞችን እያናገረ ከአፍሪቃ ጫፍ ወደ ሕንድ በባሕር መሄድ እንደሚቻል ተረዳ። ካይሮ ሲመለስ ጓደኛው ሞቶ አገኘው። ያየውን ሁሉ ጽፎ በአንድ ጫማ ሰፊ አይሁዳዊ እጅ ለንጉሡ ላከ፤ እሱ ግን የጓደኛውን ሥራ ሊፈጽም ወደ ኢትዮጵያ አቀና።

የመጣውስ በየት ነው? በዘይላ ነው። በ1490ዎቹ መጀመሪያ ዘይላ ላይ ከመርከብ ወርዶ በየብስ ወደ ዐፄ እስክንድር ከተማ ወጣ። ከዘይላ ወደ ደጋ የሚወጣ ሰው የግድ በዚህ በረሃ ይሻገራል፤ የውኃ ጕድጓዱን የሚያውቅ፣ ግመል የሚያከራይ፣ ከጎሳው ጋር የሚያስማማ ሰው ያስፈልገዋል። በሶማሌ ዘንድ እንግዳ ነጋዴን በጥላው ሥር አድርጎ የሚያሳልፍ ሰው «አባን» ይባላል። ስሙ ተመዝግቦ የቀረው ኮቪልያ ነው፤ ይዞት የወጣው ማን እንደ ሆነ ማንም አልጻፈውም።

ዐፄ እስክንድር ተቀብሎት ብዙ ሳይቈይ በ1494 ሞተ። ወንድሙ ዐፄ ናዖድ መሄድ ከለከለው፤ ከእሱም በኋላ ዐፄ ልብነ ድንግል ከለከለው። ርስት ተሰጠው፣ ሚስት አገባ፣ ልጆች ወለደ። በ1520 የፖርቱጋል መልክተኞች በምፅዋ በኩል ሲመጡ አብሯቸው ያለው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ አገኘው፤ ኮቪልያ አገሩን ከለቀቀ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። የአገሩን ሰዎች ሲያይ አለቀሰ። እንመልስህ ቢሉም ሳይሆንለት እዚሁ ቀረ።

ነፋሱን የሚያውቅ ሰው

እነሱ መንገደኛ በስውር ሲልኩ በባሕር በኩልም አልቦዘኑም። በ1488 ባርቶሎሜው ዲያስ የአፍሪቃን ደቡብ ጫፍ ዞረ። በሐምሌ 1497 ቫስኮ ዳ ጋማ በአራት መርከብ ተነሥቶ በሚያዝያ 1498 ዛሬ ኬንያ በምትባለው አገር ማሊንዲ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ባሕር አያውቀውም። የማሊንዲ ገዥ ባሕሩን የሚያውቅ መሪ ሰጠው፤ መሪው ከጉጅራት የመጣ ሳይሆን አይቀርም ይባላል። በዚህ ሰው መሪነት አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ካሊከት ገቡ።

ምስጢሩ ነፋሱ ነው። የሶማሌ ከብት አርቢ እንደሚያውቀው ነፋሱ በዓመት ሁለት ጊዜ አቅጣጫ ይለውጣል። እዚህ ሽንሌ ላይ ከረን በሚዘንብበት ወራት በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ከደቡብ ምዕራብ ብርቱ ነፋስ ይነፍሳል፤ በበጋው ደግሞ ዞሮ ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል። መርከበኛው በአንዱ ይሄዳል፣ በሌላው ይመለሳል። ዳ ጋማ ይህን አልጠበቀም። ነፋሱ ሳይዞርለት ከሕንድ ተነሣ፤ በአንድ ወር ያቋረጠውን ባሕር ለመመለስ ሦስት ወር ያህል ፈጀበት፤ ሠላሳ ያህል ሰዎቹ በዚያው ባሕር ላይ በበሽታ ሞቱ። ከተነሡት ሰዎች አገራቸው የገቡት ከግማሽ ያንሳሉ።

በካሊከት ያመጣው ስጦታም አስቆበት ነበር። ጨርቅ፣ ባርኔጣ፣ የመታጠቢያ ሳሕን፣ ስኳር፣ ዘይትና ማር ቢያቀርብ የንጉሡ ሹሞች «ከመካ የሚመጣ ድኃ ነጋዴ እንኳ ከዚህ የተሻለ ይሰጣል» አሉት። እውነት ነው፤ አውሮፓ ያን ጊዜ ምሥራቁ የሚፈልገው ሸቀጥ አልነበራትም። የነበራት መድፍ ነው።

እሳቱ

በሕንድ ውቅያኖስ የነበረው ልማድ እንዲህ ነበር፦ ነጋዴው ወደብ ሲገባ ቀረጥ ይከፍላል፤ ባሕሩ ላይ ግን ማንም አይጠይቀውም። በ1410ዎቹ መጨረሻ እጅግ ታላላቅ የቻይና መርከቦች እስከ ሞቃዲሾ መጥተው ነበር፤ ሸጠው ገዝተው ተመለሱ። ፖርቱጋሎች ግን ባሕሩን ራሱን ኬላ አደረጉት። «ካርታዝ» የሚባል የይለፍ ወረቀት ከእነሱ ያልገዛ መርከብ ይወረሳል ወይም ይሰምጣል አሉ። ደላላውን ዘልለን እናልፋለን ብለው የተነሡት ሰዎች ዞረው እነሱ ደላላ፣ ያውም መድፍ የያዘ ደላላ ሆኑ።

በ1505 ኪልዋንና ሞምባሳን ዘረፉ። በ1507 የሶማሌዋን ባራዌን አቃጠሉ። በ1513 ዓደንን ሞከሩ፤ ሳይሆንላቸው ቀረ። በ1517 ሎፖ ሶዋሬስ የተባለው አዛዥ ጅዳን ለመያዝ ወደ ቀይ ባሕር ገብቶ ሳይሳካለት፣ ሰዎቹ በውኃ ጥምና በረኃብ እያለቁ ሲመለስ ዘይላን ዘርፎ አቃጠላት። በተከታዩ ዓመት በርበራ ተራዋን ተቃጠለች። ኮቪልያ በእንግድነት ከገባባት ከሩብ ምእተ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

የዚህ አገር ሰዎችም በዚህ ውስጥ የየራሳቸው ስሌት ነበራቸው። እቴጌ እሌኒ በ1509 ገደማ ማቴዎስ የሚባል አርመናዊ ወደ ፖርቱጋል ልካ በባሕር እናንተ በየብስ እኛ እንተባበር ብላለች። መልክተኛው ሰላይ ነው ተብሎ ብዙ ተንገላቶ ሊዝበን የደረሰው በ1514 ነው። በአዳል በኩል ደግሞ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ከቀይ ባሕር ማዶ ካሉት ቱርኮች ጠመንጃና ተኳሾች አገኘ። በ1541 ክርስቶቫዎ ዳ ጋማ፣ የቫስኮ ልጅ፣ 400 ያህል ጠመንጃ ያዥ ይዞ በምፅዋ በኩል ገባ፤ በ1542 ተማርኮ ተገደለ። ኢማሙም በየካቲት 1543 ወደቀ። ጦርነቱ ደጋውንም ቆላውንም አራቆተ፤ በሁለቱም ወገን የተተኰሰው ጠመንጃ ከባሕር ማዶ የመጣ ነበር።

ይህ ሁሉ ሆኖ የቀይ ባሕር ንግድ በፖርቱጋሎች እጅ ፈጽሞ አልሞተም። በ1550ዎቹ ቁንዶ በርበሬው እንደ ገና በካይሮና በእስክንድርያ በኩል በብዛት ያልፍ ነበር። የበለጠ የጐዱት በኋላ የመጡት ናቸው፤ ይኸውም በ1600 የተቋቋመው የእንግሊዝና በ1602 የተቋቋመው የሆላንድ ኩባንያ።

በጓሯችን የቀረው

በዚህ መካከል ከሌላው የባሕር ጕዞ፣ ኮሎምቦስ በ1492 ከጀመረው፣ አንዳንድ ነገር ወደ ጓሯችን ገባ። ኮሎምቦስ ቁንዶ በርበሬ ፍለጋ በምዕራብ በኩል ሄዶ አሜሪካ ላይ ያገኘው ሌላ የሚያቃጥል ፍሬ ነው፤ ዛሬ ወጣችንን የሚያቀላው በርበሬ የዚያ ዘር ነው። ቀይ ወጥ ከጥንት የኖረ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ያለ ኮሎምቦስ ዘመን ግን ወጡ ቀይ አይሆንም ነበር። በቆሎም የመጣው ከዚያው ከአሜሪካ ነው፤ አባቶች «የባሕር ማሽላ» ያሉትም ከባሕር ማዶ የመጣ ስለ ሆነ ይመስላል። በሐረርጌ ደጋ ከማሽላው ጐን የሚዘራው በቆሎ የዚህ ሁሉ ጕዞ ርዝራዥ ነው።

ግመሉና ባቡሩ

ዘይላ እንደ ገና ተሠርታ ለሦስት መቶ ዓመታት የሐረርን ቡና፣ ቆዳ፣ ቅቤ፣ ሙጫና የዝሆን ጥርስ ስታስወጣ ኖረች። እንግሊዞች በ1839 ዓደንን ሲይዙ የወታደሮቻቸው ሥጋ የሚመጣው ከሶማሌ ዳርቻ ነበር፤ ወደ ውስጥ ማየት የጀመሩትም ያኔ ነው። በ1854 ሪቻርድ በርተን የእስላም ነጋዴ መስሎ ከዘይላ ተነሣ፤ አባን ይዞ፣ ግመል ጭኖ በኢሳ አገር አለፈ፤ በጥር 3 ቀን 1855 ሐረር ገባ። በመንገዱ ላይ የጕድጓዱን ቦታ፣ የጎሳውን ስም፣ የቀኑን ጕዞ ሁሉ ጻፈ። የስዊስ ቦይ በ1869 ተከፈተ፤ ግብፆች በ1875 ዘይላንና ሐረርን ያዙ፤ እነሱ ሲለቅቁ እንግሊዝ ዘይላን፣ ፈረንሳይ ጂቡቲን ወሰዱ። የኢሳ ከብት አርቢ አንዱ ጕድጓዱ በአንዱ መንግሥት፣ ሌላው በሌላው ውስጥ ሆኖ አገኘው።

ዘይላን የጣላት የዳ ጋማ መርከብ ወይም የሶዋሬስ እሳት አልነበረም። በ1894 ዐፄ ምኒልክ የባቡር ፈቃድ ሰጡ፤ በ1897 ሥራው ከጂቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላቃተው ከሥር አዲስ ከተማ ተቈረቈረ። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» አሉት፤ ድሬ ዳዋ ነው። በታኅሣሥ 1902 ባቡሩ እዚያ ደረሰ። ግመሉ ቀናት የሚፈጅበትን ጭነት ባቡሩ በሽንሌ ሜዳ አልፎ በአጭር ጊዜ አደረሰው። የግመል ኪራይ ቀረ፣ የአባን ድርሻ ቀረ፣ ወደ ዘይላ የሚወርደውም ሲራራ ከዓመት ወደ ዓመት ሳሳ። ያ የፈረንሳይ ባቡር በተራው አርጅቶ ቆመ፤ በ2016 በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ሐዲድ በዚሁ ቆላ ተመረቀ።

ዘይላ ዛሬ ትንሽ ከተማ ናት፤ ዓሣ ይጠመድባታል። ኢብን ባቱታ በ1331 ገደማ መጥቶ የዓሣውና በመንገድ ላይ የሚታረደው የግመል ደም ሽታ ስላስጠላው መርከብ ላይ ያደረባት ያቺ የተጨናነቀች የገበያ ከተማ ናት ቢሉት የሚያምን የለም። ከጥንቱ ከቀሩት አንዱ ሁለት ቂብላ ያለው የመስጊድ ፍርስራሽ ነው።